እማ ያስደበቀችን ኩላሊት

እናቴ ኡሙሃኒ አንድ ኩላሊቷን ለታናሽ እህቴ ለኢኽላስ ሰጥታ ከአዲስ አበባ ስትመለስ፣ ለቆቦ ሰው «የሐሞት ጠጠር አወጡልኝ» አለች። ኢኽላስ ደግሞ አስታማሚዋ ነበረች ተባለ። እኔ ደሜ ፈላ። «ምን የሚያሳፍር ነገር አለው?» ብላት፣ «ዝም በይ ራዊያ! የሰው ኩላሊት ይዛ ነው የምትኖር ከተባለ ማን ያገባታል?» አለችኝ። ልጅቷ ገና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ማን ሊያገባት ቸኩሎ?

ኢኽላስ ግን ጎበዝ ናት። ሰውነቷ ኩላሊቱን እንዳይገፋው የምትውጣቸውን መድኃኒቶች ስም ከነመጠናቸው በቃሏ ታውቃለች፤ ውሃ ሳትይዝ ከቤት አትወጣም፤ ቀጠሮዋንም የምታስታውሰን እሷው ነበረች። የክኒኗ ሰዓት ሲደርስ ስልኳ ይጮኻል፣ ብድግ ብላ ትወጣለች። ጓደኞቿ ወንድ የሚደውልላት እየመሰላቸው «ዛሬም ደወለልሽ?» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ምን ታድርግ?

ጉድ የፈላው በረመዳን ነው። ሐኪሟ መፆም የለብሽም ብሏት ነበር፤ እማም ለታመመ ሰው አላህ እንደፈቀደለት ታውቃለች። ለታመመ ሰው! ኢኽላስ በከተማው ዘንድ መች ታማ ታውቃለች? መጀመሪያ ሰሞን ውሃ ስትጠጣ ያዩዋት ሴቶች ምንም አላሏትም፤ ሴት ልጅ የወር አበባዋ ሲመጣ እንደማትፆም ማን ያጣዋል። ሳምንት አልፎ አሁንም ስትጠጣ ግን ጓደኛዋ ፈሪሀ፣ «አንቺ፣ ያንቺስ አያልቅም እንዴ?» ብላ ክፍሉን ሁሉ አሳቀችባት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢኽላስ ለማንም ሳትናገር መፆም ጀመረች። መላም ነበራት፤ የጠዋቱን ክኒን ሊነጋ ሲል በሱሑር፣ የማታውን ፀሐይ ስትገባ በኢፍጣር ልትውጥ፣ ውሃውንም ማታ ማታ ልታካክስ። ሲያስቡት ልክ ይመስላል። ዳሩ ግን እማ ለሱሑር ሁላችንን ስትቀሰቅስ፣ እሷን «ትተኛ፣ እሷ አትፆም» ብላ ታልፋታለች። ስልኳን በዚያ ሰዓት እንዳታስጮኽ ደግሞ እማ ትነቃባታለች። እንቅልፍ ሲጥላት ሌሊቱ ይነጋል፤ ከነጋ ክኒኑን ብትውጥ ፆሟ ይፈርሳል። ትተወዋለች። የማታውን ፊታችን ስለምትውጥ ማናችንም አልጠረጠርንም። በዚያ በቆቦ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ጉሮሮዋ ደርቆ ትውላለች።

ለዒድ ፊቷ ተነፋ። እማ «አልሐምዱሊላህ፣ ወፈረችልኝ» አለች። እኔ እግሯን በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ቀረ። በማግስቱ አዲስ አበባ ወሰድናት።

ሐኪሙ ከምርመራው በኋላ ኩላሊቱ ሥራ ማቆሙን ነገረን። እንደድሮዋ ወደ ኩላሊት እጥበት ልትመለስ ነው። እማ ቀሚሷን ጨምድዳ ይዛ፣ «ሌላው አለኝ እኮ! እሱን ውሰዱላት!» አለች።

ኢኽላስ አልጋዋ ላይ ሆና ፆሟን አንድ በአንድ የነገረችን ያን ጊዜ ነው። አልጮኽኩባትም። በማን ልጩኽ?

በዚህ መሃል የእማ ስልክ ጮኸ። ጎረቤታችን ደብሪቱ ናት፣ ከቆቦ።

«ልጅቷ እንዴት ሆነችልሽ?»

«ደህና ናት» አለች እማ፣ እንባዋን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች። «ታይፎይድ ነው አሉን።»

ኢኽላስ ከትራሷ ቀና አለች።

«እማ፣ ብሞትም ታይፎይድ ገደላት ልትያቸው ነው?»

ስልኩ ገና አልተዘጋም ነበር።