የኤርሚ ቻይንኛ

የእህቴ ልጅ ኤርሚ አንድም የቻይንኛ ፊደል አያውቅም። የገዛት የኤሌክትሪክ መኪና ግን ሙሉ በሙሉ ቻይንኛ ነበረች። ራዲዮኑም፣ ማሞቂያውም፣ መስታወቱ ጉም ሲለብስ የሚያጠራው ነፋስም የሚታዘዘው ትሪ ከሚያህል ስክሪን ላይ ነው። ቋንቋውን አስቀይር ብንለው ጉረኛው አሻፈረኝ አለ። ሁሉን በመልክ ሸምድዶታል፤ ጎጆ የሚመስለው ፊደል ነፋሱ ነው፣ በርጩማ የሚመስለው ዘፈን። ፒያሳ ማኪያቶ በጠጣን ቁጥር ይህንኑ ለጓደኞቹ ያስተምራል። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ አብሬ እስቅ ነበር።

ሐምሌ ላይ መኪናዋ ሌሊቱን በኢንተርኔት ራሷን አፕዴት አድርጋ አደረች፤ ፊደሎቹ ቦታ ተቀያየሩ። ጠዋት በዝናብ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ቁልቁለቱን ሲወርድ የፊት መስታወቱ ጉም ለበሰ። ጎጆውን ቢፈልግ የለም። በርጩማው የነበረበትን ሲነካ የተቀመጠበት ወንበር ይሞቅ ጀመር። ሌላ ነካ፣ ደግሞ ሌላ። ቀና ሲል ዳናይት የምትባል መንገደኛ ገጭቷል። ዜብራ ላይ ነበረች። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ለእናቷ አንድ። እዚያው ሞተች።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ሽማግሌ ይዤ ሥላሴ አጠገብ እናቷ ቤት ሄድኩ። ይቅር ማለታቸውን የሚገልጽ ወረቀት አስፈርመን ለፍርድ ቤት ካላቀረብን በዋስ የተለቀቀው ልጅ ብዙ ዓመት ይታሰራል። ያስጨነቀኝ እሱ እንጂ እሳቸው እንዳልነበሩ አልዋሽም። አንደበተ ርቱዑ ሽማግሌያችን አቶ ወልደሥላሴ ስለ ፈጣሪ ፈቃድ ረጅም ነገር ተናገሩ። እናትየዋ ወይዘሮ ንግስቲ በትዕግሥት አዳመጧቸው። ከዚያ ካሳ እንደማይፈልጉ፣ ብቻ ልጁና መኪናዋ ደጃቸው እንዲመጡ ጠየቁ።

የገደለ መኪና ሐዘን ቤት በር ላይ ማቆም ነውር ነው። ብንለምናቸው አልሰማ አሉ። በማግስቱ ፖሊስ የለቀቃትን መኪና በዝናብ አመጣንላቸው። ኤርሚ መሪው ጋ፣ እሳቸው ከጎኑ፣ እኔና አቶ ወልደሥላሴ ከኋላ ተቀመጥን። በሮቹ ተዘጉ።

"ያን ቀን ስትፈልግ የነበረውን አሳየኝ" አሉት።

ኤርሚ ስክሪኑን ነካ። ዘፈን ጮኸ፤ አጠፋው። ወንበሩ ሞቀ። አንዲት ሴት በቻይንኛ በትሕትና ተናገረች። በአራት ሰው ትንፋሽ መስታወቱ ነጣ፣ ውጪው ጠፋን። መኪናዋ ቆማ እንኳ አላገኘውም። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። እንዲያገኘው እየጸለይኩ፣ በዚያው ልቤ በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ። እሳቸው አንዴም አላቻኮሉትም።

ሲበቃቸው የነጠላቸውን ጫፍ ጨበጡና በእሱ በኩል ያለውን መስታወት አንዴ ጠረጉት። መንገዱ ታየ፣ ከዝናቡ የሚሸሹ ሰዎችም ታዩ።

"እጅ አልነበረህም?"

ኤርሚ አለቀሰ። ጣቱ አሁንም ስክሪኑ ላይ ነበር። ወይዘሮ ንግስቲ ወረቀቱን ከእኔ ተቀበሉ፣ እስከ መጨረሻው አነበቡት፣ ሳይፈርሙ አጥፈው ጉልበቱ ላይ አስቀመጡለትና ወረዱ። እኔም ስንት ዓመት እንደሚጠብቀው እያወቅኩ አልለመንኳቸውም።