ስንቅ ፈታሹ ዘበኛ

እና ዘበኛው ውሸት ነው ይላሉ፣ በወህኒ ቤት ደጅ እንኳ አልፈው የማያውቁ የፓሪስ ሐያስያን፣ ኖላዊትም፣ ገና ኮሌጅ ያልጨረሰችው የንባብ ክበቡ አለቃ፣ ሂሳቸውን ከስልኳ ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነባለች፣ ክበቡ በዚህ ወር ያነበበው ልብ ወለድ የፈረንሳይን ትልቅ ሽልማት ወስዷል፣ እስረኞቹ ሥጋና ደም አላቸው፣ ስንቅ ፈታሹ ዘበኛ ግን አያሳምንም፣ ዘበኛ ምን በወጣው ያለቅሳል። ያለቅሳል እንጂ፣ ሽንት ቤት ገብቶ፣ ቧንቧውን ከፍቶ። ዝም በል ብዙነህ፣ አንተን ማን ጠየቀህ፣ ይላል ለራሱ በልቡ።

መውጣት ነበር የሚሻለው፣ ግን ወንበሩ በክብ ነው፣ የዚህን ሁሉ ሰው ጉልበት እየተሻገረ ምን ብሎ ይውጣ፣ መኪናዬን ክፉ ቦታ ፓርክ አድርጌ ነው? ባለፈው ወርም ያንኑ ብሏል። እዚህ በስደት ከተማው፣ ከሬኒየር ቢች ሰፈር እስከ ዴ ሞይን ያለ ያገሩ ሰው የሚያውቀው የግብርና ሚኒስቴር ጸሐፊ እንደነበረ ነው፣ ጨዋ ሰው፣ ዘር አከፋፋይ፣ እሱ ግን ስድስት ዓመት የእስር ቤት በር ላይ ቆሞ እንጀራ ሲገልጥ፣ ወጥ በሽቦ ሲወጋ ነው የኖረው፣ ቅመሺ እናቴ፣ ያመጣው ሰው ሳይቀምስ አይገባም፣ ትእዛዝ ነው። ይህ ከታወቀ ቤተ ክርስቲያን ማን አጠገቡ ይቆማል? ያፍራል፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ያፍራል።

አጠገቡ ያለችው ማንአልሞሽ ደግሞ ከሐያስያኑ ጋር ናት፣ ባሏ ታስሮ ሦስት ዓመት ስንቅ አመላልሳለች፣ የሚያለቅስ ዘበኛ አንድም አላየሁም ትላለች፣ እውነቷን ነው፣ ከየት ታየዋለች፣ ለብዙነህ በየበዓሉ ድፎ ዳቦ የምትልክለት እሷ ናት፣ እንደ እህቱ ይወዳታል።

ጋሽ ብዙነህ፣ እርስዎስ? ትላለች ኖላዊት፣ ሶ፣ እንግዲህ ዘበኛውን አመኑት?

አላመንኩትም ብሎ መገላገል ነው፣ አንድ ቃል፣ አለቀ፣ ወደ ቤት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ ራሱስ ከተመለጠ ቆየ፣ ዛሬ ተራው የአፉ ነው፣ በሁዳዴ አንዲት ባልቴት ለታመመ እስረኛ ልጃቸው የዶሮ ሾርባ ይዘው መጡ፣ ይላል የገዛ ድምፁ፣ ካልቀመሱ አይገባም ተባሉ፣ ጾሜን አታስገድፈኝ ልጄ ብለው የዘበኛው እግር ላይ ወደቁ፣ ቀመሱ።

ኖላዊት መጽሐፉን ትገልጣለች፣ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው ጋሼ፣ እኔ አላየሁትም እኮ። ማንአልሞሽ መጽሐፉን አልነካችም። እሱን ነው የምታየው።

ሾርባውስ ለልጁ ደረሰለት? ትለዋለች፣ ቀስ ብላ።

ልጁ ሌሊቱን ሞቶ ነበር፣ ይላል ብዙነህ። ቅመሱ ስላቸው አውቅ ነበር።