መምህራችን አይነሣብን

ወልደአማኑኤል ወፍሯል። ኮሌጅ ሳለን ቀበቶው ሁለት ጊዜ ሊዞረው ምንም የማይቀረው ልጅ፣ ዛሬ ከመኪናው ሲወርድ የቀደመው ሆዱ ነው። ከኋላው ሸረፋ ወረደ፤ እሱ ደግሞ ፀጉሩን ጨርሷል። ሦስታችን ኮሌጅ ውስጥ አንድ ክፍል ነበር የምናድረው። ከተመረቅን ስምንት ዓመት ሆነን፤ ሦስታችን አንድ ላይ ስንገናኝ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጊዜው ስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የመስቀል ማግስት ነው። በመስቀል ጉራጌ አዲስ አበባ አይቀርም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ይገባል። ወልደአማኑኤል ጥያ አጠገብ ካለው የእናቱ ቤት ተነሥቶ፣ ሸረፋን ቡታጅራ ላይ ጭኖ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው አባቴ ቤት ይዞት መጣ።

ናፍቄያቸው ብቻ ነው የጠራኋቸው ብል ውሸት ነው። የጠራኋቸው ለጉዳይ ነው። እኔ ቡታጅራ አስተምራለሁ። ሚስቴ መንበረ አዲስ አበባ ታይፕ ጸሐፊ ናት። ቡታጅራ እንዳትመጣ፣ በከተማው ያለው የጽሕፈት መኪና አንድ ነው፤ እሱም ባለቤት አለው። ወደ አዲስ አበባ ልዛወር ብዬ ሦስት ዓመት አመለከትኩ። ሦስቱንም ዓመት "ለጊዜው አልተቻለም" የሚል አንድ መሥመር መጣልኝ። ወልደአማኑኤል ደግሞ በዋናው መሥሪያ ቤት የዝውውር ክፍል ምክትል ሹም ሆኗል።

ባለፈው ነሐሴ ሄጄ ሳለ፣ ሦስት ዓመት የሞላት ልጄ ወርቅውሃ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተሸሽጋ "ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄደው?" አለች። ሌላ ቀን ቢሆን መንበረ ትስቅ ነበር። ያን ቀን ግን አልሳቀችም። ስትሸኘኝ "እስከ መስቀል ካልሆነልህ፣ ከዚያ ወዲያ በእንግድነትም አትምጣብን። ልጅቷን አታደናግራት" አለችኝ። መስቀል ይኸው ትናንት ዋለ።

በእኛ ዘንድ እንግዳ በልቶ ሳይጠግብ ጉዳይ አይነሣበትም። ስለዚህ ተቀምጬ ወሬ አዳምጣለሁ። አባቴ ደበሌ ክትፎውን በገዛ እጁ ያቀርባል፤ ለሸረፋ ጎረቤታችን ሀቢቡ ያረደው በግ ለብቻው ተሠርቶ መጥቶለታል። ወልደአማኑኤል አራት ልጆች ወልዷል። ትልቋ ፈረንሳይኛ ትማራለች፤ የቤት ኪራይ ጨረሰን፤ ሠራተኛ አይበረክትልንም ይላል። ሸረፋ ማስተማሩን በሁለተኛው ዓመት ትቶ መርካቶ ካጎቱ ሱቅ ገብቷል።

"ወላሂ፣ ቀኑን ሙሉ አቡጀዲ ስለካ ነው የምውለው። ማታ ሚስቴ ስታወራኝ ራሱ ስንት ሜትር እንዳወራች እቆጥራለሁ" አለ።

"ከሁላችን የተሻለው ገሠሠ ነው" አለ ወልደአማኑኤል አፉን እንደሞላ። "ካባቱ ጓሮ፣ ከንጹሕ አየር፣ ከንጹሕ ቅቤ! ምን ጎደለህ አንተ?"

ምን ጎደለህ ይለኛል! ማመልከቻዬ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ዓመት አድሮ!

እጁን እንደታጠበ ክንዱን ይዤ ወደ ጓሮ፣ ወደ እንሰቱ ወሰድኩት።

"ወልዴ፣ ማመልከቻዬን አይተኸዋል?"

"ሦስቱንም" አለ እየሳቀ። "ሦስቱንም ከመዝገቡ ያወጣሁልህ እኔ ነኝ። ምስጋናህን እጠብቅ ነበር።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ሽማግሌዎችህ መጥተው የለ! በመጀመሪያው ዓመት አሥራ አንድ ሽማግሌ በአውቶቡስ ተጭነው መጡ። ሦስት ቀን ደጅ ጠኑ። 'መምህራችን አይነሣብን' የሚል ወረቀት ይዘው። አስተርጓሚ ሆኜ አለቃዬ ዘንድ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። አለቃዬ እንባው መጣ። ከዚያ ወዲህ ያንተ ስም ሲመጣ ገለል አደርገዋለሁ።"

"ማን ላካቸው?"

አሁን እሱም ሳቁን አቆመ። "አንተ ነሃ! ሚስት ዝውውር ጠይቅ ብላ ስትነዘንዝ፣ ባል ምን ያድርግ? ያመለክታል። የልቡን ደግሞ በሽማግሌ ያስነግራል። ሰው የልቡን የሚያስነግረው በሽማግሌ አይደለም እንዴ? ደግሞስ ከፊት የቆመው ማን ሆነና ልጠራጠር! አሥሩ በጣት አሻራ ነው የፈረሙት። አንዱ ግን በስሙ ፈርሟል። ደበሌ ብሎ።"

አባቴን ስሙን መጻፍ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ከኮሌጅ በወጣሁበት ክረምት፣ እጁን በእጄ ይዤ። ሦስት ፊደል ለመልመድ ሁለት ወር ፈጀበት። በሕይወቱ አንድ ወረቀት ላይ ፈረመ፤ እሱም በኔ ላይ ሆነ።

"አንድ ደብዳቤ ብትጽፍልኝ ምን ነበረበት?" አልኩት።

"አንተስ ብትጽፍልኝ? 'ይህ የእውነቴ ነው' ብለህ አንድ መሥመር! ስምንት ዓመት ሙሉ ደህና ነኝ፣ ደስ ብሎኛል እያልክ ስትጽፍልኝ ኖርክ እኮ!"

እውነቱን ነው፤ ከጓደኞቼ አንሼ እንዳልታይ ብዬ የጻፍኩት ነው።

"አሁን አስተካክለው።"

"የዘንድሮው ተዘግቷል። ለከርሞ ደግሞ እነዚያው ሽማግሌዎች ተመልሰው 'ለቀነዋል' ካላሉ አለቃዬ አይሰማኝም" አለ።

ወደ ቤት ስገባ ሸረፋ ፊቴን አይቶ ከመቀመጫው ተነሣ። አባቴ አልተነሣም። በመስቀል ከአባት ጋር አይጣሉም፤ የተጣላ እንኳ የሚታረቅበት ቀን ነው። አውቃለሁ። ቢሆንም ከፊቱ ቆምኩ።

"አባባ፣ አዲስ አበባ ሄደው ነበር?"

"ሄጃለሁ" አለ።

"ሚስቴንና ልጄን እያወቁ?"

"አራት ወንድሞችህን መርካቶ በላቸው። በዓመት አንድ ቀን፣ እንደ ትናንቱ፣ መጥተው ሥጋ በልተው ይሄዳሉ። አሥራ ሁለት የልጅ ልጅ አለኝ፤ መንገድ ላይ ባገኛቸው አንዱንም አልለየውም። አንድ አንተን ላስቀር ብል ምን አጠፋሁ? አገሩስ ቢሆን አስተማሪ አያስፈልገውም?"

"ለኔስ አንድ ቃል አይነግሩኝም ነበር?"

አባቴ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ። ከሁለት እንግዶች ፊት፣ የሰባ ዓመት ሽማግሌ፣ ወደ እግሬ ጎንበስ አለ። "በድዬሃለሁ ልጄ። በመስቀሉ ይሁንብህ፣ ይቅር በለኝ።"

ብድግ አደረግሁት። ምን ላድርግ? አባት ወድቆ ይቅርታ ሲለምን እምቢ የሚል ልጅ አገር የለውም።

"እግዜር ይቅር ይበለን አባባ" አልኩ።

"አሜን!" አሉ ሁለቱም እንግዶች ባንድ አፍ። ወልደአማኑኤል በረዥሙ ተነፈሰ። "አበቃ! እንዲህ ነው እንጂ!" ብሎ ተመልሶ ከመሶቡ ቀረበ። ሸረፋ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አባቴ ፊቱ በራ፤ ጎርሶ የማያውቅ ይመስል ጎረሰ።

ቆሜ አየኋቸው። አበቃ! የምን አበቃ? ስለ ዝውውሩ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ከእንግዲህ ባነሣው ቂመኛው እኔ ነኝ። የሦስት ዓመቴን አቤቱታ በአንድ ይቅርታ ዘጉት፤ ሰኞ ጠመኔዬን ይዤ ልቆም ነው፤ ልጄም ያለ አባት ልታድግ ነው። ያን ቀን የተናደድኩትን ያህል በዕድሜዬ ተናድጄ አላውቅም።

"ሸረፋ፣ መቼ ነው የምትመለሰው?" አልኩ።

"ከነገ ወዲያ።"

"አብሬህ እሄዳለሁ። ወልዴ፣ ሥራ መልቀቂያዬን ዛሬውኑ ጽፌ እሰጥሃለሁ፤ እሱን እንኳ ከመዝገብ አታውጣብኝ።"

ወልደአማኑኤል ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። "አብደሃል? ምን ልትበላ?"

"እሱን እዚያ ስደርስ እፈልጋለሁ።"

አባቴ ማኘኩን አቆመ።

"ታርቀን አልነበረም እንዴ?" አለ።

"ታርቀናል አባባ። ለዚህ ነው የምነግርዎት። ባንታረቅ ኖሮ ሳልነግርዎት ነበር የምሄደው።"