ከወንጌሉ መጨረሻ ቅጠል ላይ

ፈንታሁን የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት የፌስቡክ ገጽ ከተሰጠው ወዲህ ደብረ ታቦር ላይ ስም አወጣ። ድሮ መጽሐፍ ከማዋስ በቀር ማንም የማያውቀው ዝምተኛ፣ አሁን ሻይ ቤት ሲገባ «የብራናው ልጅ መጣ» ይባላል። አለቃው ወይዘሮ እቴነሽም በየሰኞው ስንት ሰው እንዳየለት ይጠይቁታል።

ከአንበሳሜ ወዲያ፣ ገደል ሥር ካለች ደብር የሚገኘውን የብራና ወንጌል ፎቶ ለማንሣት ሁለት ወር ደጅ ጠንቷል። ገበዙ ቄስ ሙላቴ በመጨረሻ እሺ ያሉት ጣታቸውን ቀስረው ነበር።

«አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ፤ ደብሯን በስም እንዳትጠራ። ከእንግዲህ የእቃ ቤቱን ቁልፍ ካንተና አንተ ከላክኸው ሰው በቀር ለማንም አላወጣም።»

ፈንታሁን ቃሉን ጠበቀ። ዓርብ ዕለት ፎቶዎቹን ሲለጥፍ የደብሯን ስም አልጻፈም፤ ከሥር «ፎቶ፦ ፈንታሁን» ብቻ አለ። መጨረሻው ቅጠል ላይ የነበረው የደበዘዘ ጽሑፍ ግን አልነበብ አለው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል ብሎ፣ «ይህን የሚያነብልን ማን ነው?» ሲል ለጠፈውና ስልኩን አጥፍቶ ለዘመድ ተዝካር ሐሙሲት ወረደ።

ሰኞ ጠዋት ገጹን ሲከፍት ሦስት ሺህ ሰው አይቶታል። አንዱ የሐኪም ማዘዣ ነው ብሎ ቀልዷል፤ ሌላው የኔታ ቢኖሩ በኩርኩም ያስነብቡን ነበር ብሏል። ፈንታሁን እየሳቀ ወደ ሌሎቹ አስተያየቶች ወረደ፤ ወረደና ሳቁ ቆመ። ፎቶም ስምም የሌለው ሰው ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ፊደል ሳይስት አንብቦታል። የወርቅ አክሊል አንድ፤ የብር መስቀል ሦስት፤ የወርቅ ጽዋ ሁለት፤ ሁሉም ከእቃ ቤቱ ወለል በታች። መጨረሻ ላይ የደብሯ ስም።

የጥንት ሰው የደብሩን ንብረት በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ያሰፍራል፤ በወንጌል ላይ የሚዋሽ የለምና። ፈንታሁን ይህን ያውቅ ነበር። ማወቁ ትዝ ያለው አሁን ነው።

ጽሑፉን አጠፋው። ግን መቶ አርባ ሰው አጋርቶት ነበር። ደብሯ ያለችበት ገደል ኔትወርክ የለውም፤ ስለዚህ ከገደሉ አፋፍ መንገድ ዳር ሱቅ ላላት ለዘነበች ደወለላት።

«ምነው፣ ጓደኞችህን ሰደህ አንተ ቀረህ?» አለችው ገና ድምፁን ስትሰማ።

«የምን ጓደኞች?»

«ከቤተ መጻሕፍቱ የመጡት ናቸዋ። አራት ናቸው፤ ጨዋነታቸው ደግሞ! አንደኛው በግእዝ ነው ሰላም ያለኝ። መኪናቸውን እዚሁ እኔ ደጅ አቁመው ወረዱ።»

ፈንታሁን አባ ሙላቴ የት እንዳሉ ጠየቃት።

«አሁን እኮ ነው ከገበያ የተመለሱ። እንግዳ እንደመጣ ስነግራቸው መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ። ፈንታሁን የላካቸው ናቸው ስላቸው ጊዜ ግን ቁልፉን ከጉያቸው አውጥተው፣ እንግዳ አይጉላላ ብለው እየሮጡ ወረዱ።»