የውሃ አባት ወርቅቱ

የኛን ግድብ ያየ እንግዳ ግድብ ብሎ አይጠራውም። አባቶቻችን በአካፋና በቅርጫት የቆለሉት የአፈር ክምር ነው። ግን ክረምት ያጠራቀመውን ውሃ በጋውን ሙሉ ለሠላሳ ሁለት ቤት ድንችና ሽንኩርት ያጠጣል። ተራ የምሰጠው እኔ ወርቅቱ ነኝ። ሹመቱ «የውሃ አባት» ስለሚባል ሴት ብሆንም አባት ነኝ፤ በኦሮምኛም «አባ ቢሻኒ» ይሉኛል። የሚስቅ ካለ ተራው ሲደርስ እንተያያለን።

ኅዳር 2008 ነበር። ሱሉልታም ቡራዩም ሰበታም ወሬው ሁሉ ዋና ከተማዋን ወደ ገበሬው መሬት የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ነው። አንድ ጠዋት አቶ እውነቱ የሚባል ሹም በፒክአፕ መጣ። ግድባችን ካርታው ላይ «ባዶ ቦታ» ተብሎ ለሪል ስቴት ተሰጥቷል አለን። ዶዘር የጫነ ሎቤድ መኪናም ከኋላው እየመጣ ነው።

«የውሃ አባቱ የታለ?»

«እኔ ነኝ።»

«አባቱን ነው ያልኩት!»

«አባቱ እኔ ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

«ግድቡ ሊፈርስ ነው፤ መጀመሪያ ውሃው ይውጣ። በሩን ክፈቺ!»

አንቺ አለኝ፣ እናቱ የምሆነውን ሴትዮ! ወደ ታች ሳይ ሎቤዱ ከአስፋልቱ ወደ ማሳችን እየታጠፈ ነው። መንገዱ ቦያችንን ያቋርጣል። አፈሩ ደግሞ መረሬ ነው፤ ውሃ ከነካው በሬ እንኳ አያሳልፍም።

«ሁሉንም ልልቀቀው?»

«ሁሉንም! አሁኑኑ!» አለ ከጀርባዬ ቆሞ።

የብረት በሩን እጀታ ማዞር ጀመርኩ። የዕለቱ ተራ የጎረቤቴ የኦቦ ቀጄላ ስለነበር አካፋውን ይዞ ቦዩ ዳር ቆሟል። በውሃ ሰበብ ሃያ ዓመት ተጨቃጭቀናል።

«ከራቲ ጋዲ ዲሳ!» ብዬ ጮህኩለት፤ ወደ መንገዱ ልቀቁት ማለቴ ነው። አቶ እውነቱ ኦሮምኛ አይሰማም።

«ተራው'ኮ የኔ ነው!» አለ ቀጄላ ተቆጥቶ። ከዚያ ሎቤዱን አየ። አፈሩን ከነሣሩ እየቆረጠ ቦዩን ደፈነው።

ውሃው መንገዱ ላይ ተኛ። ሎቤዱ መሀሉ ላይ ሲደርስ ጎማው ተዋጠ። «ዝጊ! ዝጊ!» እያለ አቶ እውነቱ በጭቃው ውስጥ ሮጠ። ቀስ ብዬ ዘጋሁ። እጀታው ከባድ ነው፣ እኔም አርጅቻለሁ።

ግማሹ ውሃ ሄደ። በዚያ በጋ የአሥራ ስድስት ቤት ሰብል ደረቀ፤ የኔም የቀጄላም አለበት። አልዋሽም፣ አልቅሻለሁ። ሎቤዱ ግን በአምስተኛው ቀን ተጎትቶ ሲወጣ አገሩ በተቃውሞ ተናውጦ ነበር። ዶዘሩን እንደጫነ ሄደ፣ አልተመለሰም። ግድቡ ቆሟል።

እኔን ውሃውን በለቀቅኩበት ቀን ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱኝ። አቶ እውነቱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከመርማሪው አጠገብ ተቀምጧል።

«ይህን ሁሉ ውሃ እንድትለቂ ያዘዘሽ ማነው?» አለ መርማሪው እስክሪብቶውን አንስቶ። «ከጀርባሽ ያለውን ሰው ስም ተናገሪ!»

«ጻፍ» አልኩት። «እውነቱ ነው።»