የሐረገወይን መዝሙር

መጀመሪያ ዜማው መጣ። ሮቤል ዙሪክ ሐይቅ ዳር ባለ የድንኳንና የካራቫን ማረፊያ ፓርክ፣ ባንዱ በሚጫወትበት የእንጨት መድረክ ሥር በሆዱ ተኝቶ የላላውን የሲንተሳይዘር ገመድ ሲፈልግ ነበር፤ ከሣርና ከስልኩ መብራት በቀር የሚታየው ነገር የለም። ከበላዩ፣ ከመድረኩ ጀርባ፣ አንድ ሃርሞኒካ ቀስ አድርጎ ዜማ ሳበ። ሮቤል ያገኘውን ገመድ መልሶ ለቀቀው። ዜማውን የራሱን ስም ሳያውቅ በፊት ያወቀው ነው። የእናቱ መዝሙር ነው።

«‹ወደ ዳር አወጣኸኝ›!» አለ ለራሱ፣ ፈገግ ብሎ።

ከምእመናኑ አንዱ መጥቷል ማለት ነው ብሎ አሰበ። በማግሥቱ እሑድ በመላው ስዊዘርላንድ ያሉት የሐበሻ ጉባኤዎች ዙሪክ ላይ ይሰበሰባሉ፤ አንዱ ቀደም ብሎ ደርሶ እዚሁ ሐይቁ ዳር ድንኳን ተክሎ ይሆናል። ደስ አለው። እየተሳበ ወጣና ጉልበቱን አራገፈ።

ሃርሞኒካውን የሚነፋው ግን ሐበሻ አልነበረም። ቁምጣ የለበሰ፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ፣ ሰማንያን የተሻገረ የአገሩ ሽማግሌ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ይነፋል። አጠገቡ የባንዱ ድራመር ሪያድ ተቀምጦ ጭኑን በመዳፉ እየመታ ያጅበዋል።

«ሪያድ፣ እኚህ ሰውዬ መዝሙሩን ከየት አመጡት?»

«የምን መዝሙር?»

«ይሄ የሚነፉት! የእናቴ መዝሙር ነው እኮ።»

ሪያድ ሳቀ። «አንተ ደግሞ! ዘፈን ነው ይሄ። የምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሽማግሌዎቹ እሑድ እሑድ ኬካቸውን በልተው ይሄን ካልዘፈኑ ከወንበር አይነሡም። እዚህ ዙሪክ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

«አይሆንም።»

«ወላሂ! እስቲ ልጠይቅልህ።»

ሮቤል ያደገው ጄኔቭ ነው፤ ከፈረንሳይኛ ውጪ የዚህን አገር ቋንቋ አያውቅም። ሪያድ ግን የዙሪክ ልጅ ስለሆነ በዚያ ጉሮሮ በሚፍቅ ጀርመንኛቸው ጠየቀ። ሽማግሌው ሃርሞኒካውን ከአፉ አወረደ፤ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ወደተቀመጠች አንዲት ነጭ ፀጉር አሮጊት እየጠቆመ ረጅም ነገር ተናገረ፤ ሲጨርስም ዓይኑን ጠረገ።

«ምን አሉ?»

«በሠርጋቸው ቀን ከባለቤታቸው ጋር የጨፈሩበት ነው አሉ። የኔና የአንተ እናቶች እንኳ ያኔ አልተወለዱም።» ሪያድ ትከሻውን ነቀነቀ። «አንድ ጎረምሳ ከሐይቁ ማዶ ወዳለች ልጅ በጀልባ ሲሄድ ማዕበል ይነሣበታል። ‹ወደ ዳር፣ ወደ ዳር አውጪኝ› ይላታል ጀልባዋን። ኧረ ሮቢ፣ ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መሰለ።»

የሮቤል እናት መዝሙርም ከማዕበል ወደ ዳር ስለ መውጣት ነው። ዜማው ቢመሳሰል ዜማ ነው ይባላል። ማዕበሉስ? ዳሩስ?

ያንን መዝሙር የማያውቅ የሐበሻ ጉባኤ በአውሮፓ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እናቱ ሐረገወይን ምስክርነቷን ስትሰጥ ሁሌም ቃሏ አንድ ነው። አገሩን የረገጡ ሰሞን፣ ከዙሪክ በላይ ኮረብታ ላይ ባለ የጥገኝነት ጠያቂዎች ማዕከል ውስጥ፣ ሕፃኑ ሮቤል በሳንባ ምች ተያዘ። በረዶው መንገድ ዘግቷል። የምትጮህበት ቋንቋ የላት፣ የምትጠራው ዘመድ የላት። ልጇን ደረቷ ላይ አስተኝታ ስታለቅስ፣ ሰው ያልዘመረው መዝሙር በጆሮዋ ተንቆረቆረ። እየዘመረችው ነጋ፤ ሲነጋ ትኩሳቱ ለቀቀው። «ዜማውን ከሰው አልሰማሁትም፣ የሰጠኝ እሱ ነው» ስትል ጉባኤው በእንባ ይታጠባል። ሮቤልንም ያኔ ወደ ፊት ያወጡትና ራሱን ይዳብሱታል። «የመዝሙሩ ልጅ» ይሉታል። ሳምንቱን ሙሉ ጄኔቭ፣ ለዛቫንሼ በሚባለው ሰፈር፣ ከቤታቸው አጠገብ ባለው የገበያ ማዕከል ዕቃ ሲደረድር፣ አለቃው ሲቆጣውም፣ ብቻውን ምሳውን ሲበላም፣ ይህን ስም በልቡ ይዞት ይውላል። እኔ ዝም ብዬ የተረፍኩ ሰው አይደለሁም ይላል።

ነገም ሐረገወይን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ትመሰክራለች፤ ልጇ ሲንተሳይዘር ይጫወትላታል። ለዚህ ነው አብራው ዙሪክ የመጣችው። የእሱን ባንድ «የዓለም ነገር» እያለች ስንት ዓመት ፊቷን ስታዞርበት ኖራ፣ ዛሬ ለምኖ ለምኖ እሺ አሰኝቷታል። «መጠጥ ቤት አይደለም እማዬ፣ ቤተሰብ የሚዝናናበት ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ እዪኝ» ብሎ። አሁን ከካራቫኖቹ ፊት ለፊት፣ እርጥብ የዋና ልብስ ከተሰጣበት አጥር ሥር፣ ከእህት ኂሩት ጋር ተቀምጣለች። ኂሩት ዙሪክ የምታሳድራት የእምነት እህቷ ናት። የጠበሱላቸው ቋሊማ ፊታቸው እንዳለ ነው።

«ምን ትገተራላችሁ?» አለ የባንዱ አለቃ ሉሉ ቤዝ ጊታሩን እያነገተ። «ዕረፍቱ አለቀ። በሽማግሌው ዘፈን እንጀምራለን።»

«እሱን አንጫወትም» አለ ሮቤል።

«ለምንድን ነው የማንጫወተው?»

«እናቴ አለች።»

«እና እናትህ ካለች ምን? ጭራሽ ደስ ይላታል!» ሉሉ ወደ ሪያድ ዞረ። «የፓርኩ ኃላፊ እንግዳ የጠየቀውን አስቀድሙ ብላኛለች፤ ሰውዬው ደግሞ ሚስቱን በጋሪ እየገፋ ነው የመጣው። እኔ እምቢ የምልበት አንጀት የለኝም።»

ዘፋኟ ናኒ ጄኔቭ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ መሀል መሀሉ ላይ ይሰበራል። «ሮቢ፣ በጣም ዱ፣ ለስላሳ ነው ዜማው፣ ኖ? እኔ ቃሉ አላውቅም ግን። ላ ላ ላ እላለሁ፣ እነሱ ይዘፍናሉ፣ ቮዋላ።»

ምን ብሎ ያስረዳቸው? ሮቤል መድረኩ ላይ ወጣ። መንፈስ ቅዱስ አንዱን ዜማ ለሁለት ሰው ቢሰጥ ማን ይከለክለዋል ብሎ ራሱን አጽናና። እናቴ ይሄን ዘፈን ሰምታው አታውቅም፤ አሁን ስትሰማው እንደኔው ትደነግጣለች፣ ነገም ተነጋግረን አንድ ነገር እንላለን። ይህን ሲያስብ እንዲያውም አዘነላት።

ሪያድ በዱላው ቆጠረ። ሽማግሌው ሃርሞኒካውን ማይክሮፎን ላይ ደገነ። የሮቤል ጣቶች ሳይጠየቁ ሄዱ፤ ስንት እሑድ የተመላለሱበት መንገድ ነው። የፓርኩ ሰው በሙሉ፣ አይስክሬም የያዘው፣ ቢራ የያዘው፣ ፎጣ የተጠቀለለው፣ አፉን ከፍቶ ተቀበለ።

ኂሩት ከወንበሯ ተነሣች። እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በአማርኛ ትዘምር ጀመር።

ሮቤል እናቱን አየ። ሐረገወይን አልደነገጠችም። አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች፤ ቀኝ እጇ ጠረጴዛው ላይ ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ሲያልቅ፣ ጉባኤ ውስጥ ረጅም ዝምታ በሚሆንበት ቦታ፣ ሐረገወይን ጠረጴዛውን በጣቷ መገጣጠሚያ ሁለቴ አንኳኳች። ወዲያው የፓርኩ ሰው ሁሉ ጠረጴዛውን ሁለቴ ደለቀ። ዷ! ዷ!

ሮቤል እጁ ሳተ። ይህ ድለቃ የዘፈኑ እንጂ የመዝሙሩ አይደለም። ሪያድም አልነገረው፣ ሽማግሌውም አላሳየው። ሁለተኛው ስንኝ እስኪያልቅ ጠበቀ። እናቱ እንደገና ከሰው ሁሉ ቀድማ አንኳኳች። ከዚያ እጇ የሠራውን ያወቀች መሰለች፤ ቀስ ብላ ከጠረጴዛው አወረደችው፣ ጭኗም ላይ በሌላኛው እጇ ያዘችው። ቀና ስትል ከልጇ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

እናቱ እንግዳ ሰው ሆና የታየችው ያኔ ነው። ሐረገወይን ዓይኗን ሰበረች።

ዘፈኑ ሲያልቅ ጭብጨባው ሐይቁን ተሻገረ። ከጭብጨባው በላይ ግን የኂሩት እልልታ ጎላ። ወንበር እየገፋች፣ ሕፃን እየዘለለች መድረኩ ሥር ደረሰች።

«ክብር ለስሙ! ሮቢዬ፣ አየህልኝ? መዝሙራችንን ፈረንጆቹ ሁሉ ያውቁታል! እግዚአብሔር በዚህ አገር ምን እየሠራ ነው?»

«እህት ኂሩት…»

«በል ማይኩን ያዝና ንገራቸው! የመዝሙሩ ባለቤት እዚሁ ከመሀላችሁ ተቀምጣለች በላቸው። ልጇ እኔ ነኝ፣ በሞት አፋፍ ላይ ሆኜ የተዘመረልኝ እኔ ነኝ በላቸው!»

«ምንድን ነው የምትለው?» አለ ሉሉ ግራ ገብቶት።

ናኒ ማይክሮፎኑን ለሮቤል አቀበለችው፤ አልተቀበላትም።

«ኤዲያ፣ አንተ እኮ ዓይን አፋር ነህ!» አለች ኂሩት። «እኔ በነሱው ቋንቋ እጠይቃቸዋለሁ። ነገ ጉባኤው ላይ እኔም እመሰክራለሁ እኮ! መዝሙሩ እንዴት እጃቸው እንደገባ ከራሳቸው አፍ ልስማ።»

ወደ ሽማግሌው ዞረች። ኂሩት ዳቦ ቤት ውስጥ ደንበኛ ስታስተናግድ የኖረች ሴት ናት፤ ጀርመንኛዋ እንደ ውኃ ይፈስሳል። ክንዱን ይዛ፣ ፊቷ በሳቅ በርቶ ጠየቀችው። ሽማግሌውም ደስ ብሎት ጎንበስ አለላት። እንደቅድሙ አሮጊቷን በጣቱ ጠቆመ። ከንፈሩ ተከፈተ።

ሮቤል ያንን መልስ ያውቀዋል። ከኂሩት ጆሮ ከገባ ነገ ከጉባኤው ጆሮ ነው። ለመጮህም፣ ከመድረክ ዘልሎ እናቱን ትከሻዋን ይዞ ለመነቅነቅም ከጅሎት ነበር። እኔስ ታዲያ ማን ነኝ? ምን ነበር ያን ሌሊት የዘመርሽልኝ? ከማን ሰማሽው?

የሲንተሳይዘሩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገና ጀመረው። ያንኑ፣ ከመነሻው።

«ሮቢ! ምን ነካህ?» ብሎ ጮኸ ሉሉ። ሪያድ ግን ነገሩን ሳያጣራ በዱላው ተከተለው፤ ናኒም ላ ላ ላዋን አነሣች። ሕዝቡ በደስታ አገሳ። የሽማግሌው ድምፅ ሰመጠ፤ ሁለት ሦስት ቃል ሞክሮ አልሆን ሲለው ሳቀና ሃርሞኒካውን ወደ አፉ መለሰ። ኂሩትም ሳቀች፤ ጥያቄዋን ትታ እጇን ዘረጋች።

ሮቤል በሰዎቹ ራስ ላይ አሻግሮ ወደ አጥሩ አየ። እናቱ ተነሥታለች። ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች፣ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው መለሰች። ሰው ሁሉ ጠረጴዛ ሲደልቅ ሐረገወይን ወደ መድረኩ ሳትዞር፣ ለኂሩትም ሳትናገር፣ በካራቫኖቹ መሀል አድርጋ ወደ አስፋልቱ ወጣች።