አበልጅ

እንዳላማው ጥያቄውን ያነሣው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው፣ ዓርብ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ። ሌሎቹ አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ከፍተው ተማሪ ይጠብቃሉ። እዚያ የነበሩት እሱና ጤናዬ ብቻ ነበሩ።

«ጤናዬ፣ እሑድ ልጄ ሰማንያ ቀን ይሞላታል። ክርስትና እናት ሁኛት።»

ጤናዬ የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ ፈተና እያረመች ነበር። ቀዩ እስክሪብቶ ሳታስበው ትክክለኛው መልስ ላይ ኤክስ አደረገበት። ሌላ ሴት ብትሆን ክብር ነው ብላ ደስ ይላት ነበር፤ እሷ ግን ቀና ብላ አላየችውም። ይህን ነገር አምበር ከተማ ውስጥ የማያውቅ የለም። የአንድን ሰው ልጅ ክርስትና ያነሣች ሴት ለአባትዬው አበልጅ ናት፤ አበልጅ ደግሞ እንደ ሥጋ ዘመድ ነው፣ አይጋባም። ሰውየው ዛሬ ሚስት ባይኖረውም፣ ነገ ተነገ ወዲያም ቢሆን አይጋባም።

ጤናዬ እንዳላማውን መውደድ የጀመረችው ደግሞ ትናንት አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሚስቱ ማሬ በሕይወት እያለች፣ ማሬ ቤት ገብታ፣ ማሬ የሠራችውን በልታ፣ «ምነው ጠፋሽብን» እየተባለች ወድዳዋለች። ያሳዝናል፤ ግን እንዲህ ነው የሆነው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ማሬ በወለደች ዕለት ደሟ አልቆም ብሎ፣ ደብረ ማርቆስ ሳትደርስ መንገድ ላይ ስታርፍ፣ ከትምህርት ቤቱ ሰው ሁሉ አምርራ ያለቀሰችው ጤናዬ ነበረች። ከልቧ ነው ያለቀሰችው። ግን ደግሞ ያን ሰሞን በሐሳቧ ሽው ያለውን ነገር ታውቃለች፤ ያን እያሰበች ራሷን ፈራች።

«ሌላ ሰው ጠፋ?» አለችው እንዳቀረቀረች።

«አልጠፋም። ጸሐፊያችን ፍቅርአዲስ ብጠይቃት እሺ ትላለች።»

«ታዲያስ?»

«ሕፃኗን ለማየት ብቅ ባልሽ ቁጥር ሰው ያማናል። አበልጅ ከሆንሽ ግን እንደ ልብሽ ትገቢያለሽ፣ ትወጫለሽ። ማን ምን ይላል?»

የሂሳብ መምህር ነውና ስሌቱ ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው ጤናዬን ያናደዳት።

«አልሆንም።»

«ለምን? ልጄ ምን በደለችሽ?»

«ክርስትና እናቷ ከሆንኩ ካንተ ጋር እስከ ዕለተ ሞቴ ዘመድ ሆኜ ልቀር ነዋ! አሁን ገባህ? ወይስ ሰሌዳ ላይ ልጻፍልህ?»

ካፏ ሲወጣ እሷም ደነገጠች። እሱ ግን አልደነገጠም። ወደ መስኮቱ ዞረ።

«አውቄ ነው የጠየቅሁሽ» አለ። «ማሬ ከሞተች ገና ሰማንያ ቀን አልሞላትም። እኔ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር አንቺ በሆንሽ እላለሁ። የማሬ እናት አጠገቤ ተቀምጠው፣ ልጄን አቅፈው እያየኋቸው። ራሴን ጠላሁት ጤናዬ። አንድ ጊዜ አበልጅ ከሆንን ይቆርጥልኛል ብዬ ነው።»

ሦስት ዓመት ልትሰማው የተመኘችው ቃል በዚህ መልክ መጣ። ደስታዋና ኀዘኗ ተደባለቁባት።

«ከፈለግህ አንተ ቁረጠው» አለችው። «እኔን ግን በገዛ እጄ አታስቆርጠኝ።»

ደወል ተደወለ። እንዳላማው ጠመኔውን ይዞ ወጣ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ብትቀርም ይወራል፣ ብትሄድም ይወራል፤ ብሄድ ይሻላል አለች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የማሬ እናት እማማ ጥሩብርሃን ጥቁር ለብሰው ሕፃኗን ታቅፈዋል። ማሬ ከሞተች ጀምሮ እንዳላማው ቤት ተቀምጠው የሚያሳድጓት እሳቸው ናቸው።

«ክርስትና እናቷ ትቅረብ» አሉ ቄስ ዘማርያም።

የሚንቀሳቀስ ጠፋ። ለካ እንዳላማው ለማንም አልተናገረም! ከዓርብ እስከ እሑድ ሌላ ሰው አልጠየቀም፤ ጤናዬ እንቢ ማለቷንም ለአማቱ አልነገራቸውም።

«ጤናዬ፣ ምን ቆመሽ ታያለሽ?» አሉ እማማ ጥሩብርሃን። «ነይ እንጂ፣ ልጅቷ በብርድ አለቀች!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ሕፃኗ ልብሷ ተገፎ እየተንዘፈዘፈች ታለቅሳለች። ጤናዬ እንዳላማውን አየችው፤ መሬት መሬት ያያል። የልጅቷ ለቅሶ አንጀቷን በላው። ለእሱ ብላ አይደለም፣ ለራሷም ብላ አይደለም፤ ሕፃኗ ስለበረዳት ብቻ ተራምዳ እጇን ዘረጋች።

«አይደለችም!» አለ እንዳላማው።

ድምፁ ከፍ ብሎ ነበርና ቄሱም ቀና አሉ።

«ጤናዬ አይደለችም፣ አባ። ፍቅርአዲስ፣ እባክሽ አንቺ ተቀበያት።»

ፍቅርአዲስ ግራ እንደተጋባች ነጠላዋን አስተካክላ መጣች። ሕፃኗ ተጠመቀች፣ ማዕተብ ታሰረላት፣ ወለተ ሐዋርያት ተባለች። ጤናዬ ከዚያ ሁሉ ምንም አልሰማችም። መርጦኛል፣ በሰው ፊት መርጦኛል ትላለች በልቧ።

ሰዉ ሲወጣ እማማ ጥሩብርሃን መጥተው ፊቷ ቆሙ። መጀመሪያ አማቻቸውን፣ ቀጥለው እሷን አዩ። ማንም ሳይነግራቸው ሁሉ ገባቸው።

«ማሬ ታውቅ ነበር?» አሏት ቀስ ብለው።

ጤናዬ ይህን ራሷን ጠይቃ አታውቅም። «ምነው ጠፋሽብን» የሚለው የማሬ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ፤ ምን ማለቷ እንደነበር አሁን እርግጠኛ መሆን አልቻለችም።

«አላውቅም፣ እማማ።»

«እንግዲያው እኔ በሕይወት እያለሁ እዚያ ቤት እንዳትረግጪ» አሉና የልጅ ልጃቸውን ከፍቅርአዲስ እጅ ሊቀበሉ ሄዱ።